ጁሙዓ የነጅማ ነው

«ፈገግ በይ» አልኳት።

«ምን የሚያስቅ ነገር አየሁና?» አለችኝ።

ከሳሊማ ጋር ሥራ የጀመርነው እንዲህ ነው። ጂዳ፣ ኑዝላ ሠፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ ነጭ መጋረጃ ጀርባዋ ላይ ተሰቅሎ፣ ክብ መብራት ፊቷ ላይ በርቶ፣ እኔ ስልኬን ደግኜባት። እንጀራዬ ይሄ ነው። ሥራ የሚፈልጉ ሴቶችን በቪዲዮ አነሳለሁ፤ ቪዲዮውን ማዳሞች የተሰበሰቡባቸው የዋትሳፕ ግሩፖች ውስጥ እለቃለሁ። የወደደች ማዳም ትደውላለች፣ ከተስማሙ ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ወደ አዲሷ አሠሪ፣ ወደ ከፊሏ፣ ይዛወራል፣ እኔም ድርሻዬን እወስዳለሁ። ሀናን እባላለሁ። ኑዝላ ውስጥ የማያውቀኝ ሐበሻ የለም። ግማሹ ይመርቀኛል፣ ግማሹ ይረግመኛል፣ ሥራ ሲያጣ ግን ሁሉም የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው።

ቪዲዮው የራሱ ሥርዓት አለው። ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ፣ ፈገግታ። ከዚያ ብድግ ትያለሽ፣ እጆችሽን ታሳያለሽ፣ ማዳሟ ከፊትም ከኋላም እንድታይሽ ቀስ ብለሽ አንድ ጊዜ ትዞሪያለሽ። በቃ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ወጣቶቹ ይህን ሳልነግራቸው ያውቁታል፤ እንዲያውም «መብራቱን ወደ ግራ አድርጊው፣ ጥቁር አስመሰለኝ» እያሉ የሚያርሙኝ እነሱ ናቸው። ሳሊማ ግን ከሌላ ዘመን ነው የመጣችብኝ።

የመጀመሪያ ቀን «እትዬ ሳሊማ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላት ዐይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ፓስፖርቴን አይተሽ ነው አንቱ የምትይኝ? አንቺ በይኝ!»

ኋላ ፓስፖርቷን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ወረቀቱ ሃምሳ ስምንት ይላል፤ ሳሊማ ገና ሃምሳ መሙላቷ ነው። ከወሎ፣ ከወረባቦ ስትወጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። የላካት ደላላ «ልጅ ናት ብለው ይመልሱብኛል» ብሎ ስምንት ዓመት ጨመረባት። ያን ጊዜ ስንቷ ኮረዳ በአንድ ቀን አርጅታ ቀይ ባሕርን ተሻገረች መሰላችሁ! እኔ ራሴ በወረቀት ታላቅ እህቴን እበልጣታለሁ። ስንገናኝ እንስቅበታለን። ሳሊማ ግን አልሳቀችም፣ ምክንያቱም ማዳሞቹ ከሃምሳ ያለፈችን አይፈልጉም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይቺ ናት፤ ደላላው ዋሸ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የምትባረረው እሷ።

«ያኔ ልጅ ነሽ ብለው አስረጁኝ» አለች። «አሁን ደግሞ አሮጊት ነሽ ብለው ሊጥሉኝ ነው። አልወድቅላቸውም፣ ወላሂ!»

ከሃያ ዓመት በላይ የሠራችው ኦብሑር ባሕሩ ዳር ነው፣ ኡም ሐሚድ የሚባሉ ባልቴት ዘንድ። ሴትዮዋ የመጨረሻዎቹን ዓመታት አልጋ ላይ አሳለፉ፤ ያጎረሰችም፣ ያጠበችም፣ ዐይናቸውን የከደነችም ሳሊማ ናት። ቀብሩ ሳምንት ሳይሞላው ልጃቸው ሐሚድ ቤቱን ለገበያ አወጣና ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከእናቱ ጡት ቀጥሎ የእሷን ወጥ በልቶ ያደገ ነው። «ሳሊማ፣ ሚስቴ የራሷ ሠራተኛ አላት። ሻዕባን ሳያልቅ፣ ረመዳን ሳይገባ ከፊል ፈልጊ፤ ካላገኘሽ ኹሩጅ እመታልሻለሁ፣ ትኬቱን እኔ እችላለሁ» አላት። ኹሩጅ ማለት የመጨረሻ መውጫ ነው፤ ከተመታ ወዲያ መመለስ የለም።

እሷም ሥራ ፍለጋ የወጣችው እንደ ድሮው ነው፣ በእግሯ። ድሮ ሥራ ከአፍ ወደ አፍ ነበር የሚሄደው። አንዷ ልጅ ለማዳሟ ትነግራለች፣ ማዳሟ ለእህቷ ትነግራለች፣ እህቷ ደግሞ «አምጪያት» ትላለች። ሳሊማ ጥቁር አባያዋን ለብሳ የኦብሑርን በሮች አንድ ባንድ አንኳኳች። ሁለት ቤት ሳይከፍቱ በግድግዳው ስፒከር «ማን ላከሽ?» ብለው መለሷት። በመጨረሻ የሠፈሩ ዘበኛ፣ ሱዳናዊው ሳቢር፣ አዘነላትና ጥላ ስር አስቀምጦ ውሃ ሰጣት። «ያ ሳሊማ፣ ዛሬ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈራል። ሥራ ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ እዚያ ፈልጊው» አላት። የእኔን ቁጥር የሰጣትም እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ቪዲዮው ልመለስ። የመጀመሪያውን ቀረጻ ጀመርን። «አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ» አለች፣ ዐረብኛዋ የድሮ የጂዳ ሰዎች ዐረብኛ ነው፣ ጥርት ያለ። «እንዴት ናችሁ? ልጆቻችሁ እንዴት ናቸው? ወላጆቻችሁ ደኅና ናቸው? የታመመ ካለ አላህ ይማረው፣ የሞተ ካለ አላህ ይማረው፣ ቤታችሁን በረካ ይሙላው…» ስሟን ሳትናገር ደቂቃው አለቀ።

«እትዬ ሳሊማ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይሰማል? ማዳሞቹ በጣታቸው ገፋ ያደርጉሻል!»

«ሰው ሰላም ሳይባል ሥራ ይጠየቃል እንዴ?»

«ይጠየቃል!»

«እናንተን ያሳደገ ሰው የለም» አለችና መሐረቧን አስተካከለች።

ሁለተኛውን በስንት ጭቅጭቅ አሳጠርነው። ቀጥዬ ፊት የሚያለሰልሰውን ነገር ከፈትኩላት፤ መስመሩን ሁሉ ያጠፋና ከንፈር ቀላ ያደርጋል። ስልኩን አቅርባ፣ አርቃ፣ መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«ማናት ይቺ?»

«አንቺ ነሻ!»

«በይ ለእሷ ሥራ ፈልጊላት፣ ታሳዝናለች። እኔን ደግሞ እንደገና አንሺኝ።»

ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ሳቃቸውን ለቀቁት። እኔ አልሳቅሁም፤ ደሜ እየፈላ ነበር። እሺ፣ በመደበኛ ፊቷ አነሳኋት። ከዚያ «ቁሚ» ስላት ቆመች፣ «እጅሽን አሳዪ» ስላት አሳየች፣ «ዙሪ» ስላት ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ አለች።

«አልዞርም።»

«ሁሉም ይዞራል።»

«ገበያ የወጣሁ ጊደር አይደለሁም። ጀርባዬ ወጥ አይሠራላቸው፤ ምን ይፈይድላቸዋል?»

ይህም ይሁን አልኩ። ግን ከሁሉ የባሰው መጨረሻ ላይ መጣ። ካሜራው ክፍት እንደሆነ ጣቷን ቀስራ «ጁሙዓ ጁሙዓ አልሠራም። ከፈጅር እስከ መግሪብ መካ ነኝ። ከወዲሁ ይታወቅ» ብላ ዘጋች። ዓርብን ሙሉ፣ ከንጋት ሶላት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ማለቷ ነው።

ነጅማ የምትባል ታላቅ እህት አለቻት፣ መካ፣ ነካሳ ተራራው ላይ። ነጅማ ከዘመናት በፊት ለዑምራ መጥተው የቀሩ ናቸው፤ ኢቃማ የሚባል ነገር በእጃቸው ገብቶ አያውቅም። ሳሊማን ያሳደጓት፣ ኋላም እዚህ አገር ተቀብለው ሥራ ያስገቧት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። በሳምንቱ ውስጥ በርማዊት ጎረቤታቸውና ልጇ ተራ በተራ ያገላብጧቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል። ጁሙዓ ግን የሳሊማ ነው፤ ሙሉ ገላቸውን ታጥባለች፣ ልብሳቸውን ትቀይራለች፣ የሳምንቱን ምግብ ሠርታ ትወጣለች። ጎረቤቶቹም እፎይ የሚሉት ያን ቀን ነው። ጁሙዓ ከተቋረጠ እነሱም ይታክታሉ፤ ሳሊማ ኹሩጅ ከተመታባት ደግሞ ነጅማን የሚያነሣቸው ሰው የለም። አብረው ወደ አገር ይግቡ እንዳይባል ሴትዮዋ «ከመካ ሐረም አፈር ሌላ አፈር አልፈልግም» ብለው ከማሉ ቆይተዋል። ሳሊማ ያለ ኢቃማ ከእሳቸው ጋር ብትደበቅ ደግሞ አንድ ፍተሻ ሁለቱንም ይበትናቸዋል።

ይህን ሁሉ ነግራኝ እንኳ አልተሸነፍኩም። «እሱን አሁን አንናገረውም» አልኳት። «መጀመሪያ ግቢ። ማዳሟ እጅሽን ትቅመስ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ትጠይቂያታለሽ። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«ከገባሁ በኋላ ብትከለክለኝስ?»

«ትለምኛታለሽ።»

«ሀናን፣ እኔ እህቴን ለምኜ የማያት ሰው አይደለሁም። ጁሙዓ የነጅማ ነው። ደብቄው አልገባም።»

እንቢ ካለች እንቢ ናት። ተናድጄ እንዳለ ለቀቅሁት፤ ከነሃምሳ ስምንቱ፣ ከነጁሙዓው። እውነቱን ለመናገር እንድታየው ፈልጌ ነው፣ ማንም እንደማይደውል።

ማንም አልደወለም። ረመዳን እየቀረበ ስለሆነ ማዳሞቹ ሰው እንደ ውሃ ነበር የሚጠሙት፤ ከእሷ ጋር የተነሱት ልጆች ሁሉ በዚያው ሰሞን ገቡ። ለሳሊማ የመጣው አንድ መልስ ብቻ ነው፣ ሦስት የሳቅ ፊት ያለበት፦ «ይቺ ሠራተኛ ናት ወይስ ሚኒስትር?» አነበብኩላት።

«በያት፣ ሚኒስትር ጁሙዓ ያርፋል» አለችኝ።

ሐሚድ ደግሞ ደወለ። ቤቱ ገዢ አግኝቷል። ትኬቱን በየትኛው ቀን እንደሚቆርጥ ነው የሚጠይቃት። «ሻዕባን አላለቀም» አለችውና ስልኩን ዘጋች። ከዘጋች በኋላ ግን ለሻዕባን የቀሩትን ቀኖች በጣቷ ቆጠረች። ያን ጊዜ ነው አብሬሽ መካ ልሂድ ያልኳት። ነጅማን ራሴ አናግሬ፣ ራሳቸው እንዲገሥጿት ነበር ሐሳቤ።

ነካሳ የሚወጣው በደረጃ ነው። ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ፣ በየበሩ የሌላ አገር ወጥ እየሸተተ፣ አንዱ ደረጃ አልቆ ሌላው ይጀምራል። ሳሊማ የአትክልቱን ፌስታል ተሸክማ ወደፊት ትወጣለች፣ በወረቀት የሠላሳ ስድስት ዓመቷ እኔ ከኋላ አለከልካለሁ። ነጅማ ከአንድ ፍራሽና ከአንዲት ትንሽ መስኮት ጋር ይኖራሉ። ቀጭን ናቸው፣ ዐይናቸው ግን ገና በር ላይ ነው ሰውን የሚመዝነው።

ሳሊማ ወዲያው ሥራዋን ጀመረች። አንሶላውን ከላይ ከለለችና ጉልበታቸውን አጠፈች፣ አንድ እጇን ትከሻቸው ላይ፣ አንዱን ዳሌያቸው ላይ አድርጋ «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ራሷ ሳበቻቸው። እንዲህ በቀላሉ ዞሩላት። እየታጠቡ እያለ ነጅማ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራው የታለ?»

ምላሴ ቀደመኝ። «እትዬ ነጅማ፣ ሥራውማ ሞልቷል። በአንቱ ምክንያት ነው የጠፋው። ጁሙዓን ደብቂ ብላት እንቢ አለች። አንቱ ይንገሯት።»

ሳሊማ እጇ ላይ ያለውን ፎጣ ልትወረውርብኝ ቃጣት። ነጅማ ግን በደኅናው ጎናቸው ሳቁ።

«እኔን ደብቂኝ ልበላት? መንግሥት አጥቶኝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ደግሞ አንቺም ትደብቂኝ?» ትንሽ ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ያ ስልክሽ ስለ ሳሊማ ለማዳሞቹ ይነግራቸዋል አይደል? ዕድሜዋን፣ እጇን፣ ጀርባዋን።»

«አዎ።»

«ስለ ማዳሞቹስ ለሳሊማ ምን ይነግራታል?»

ስንቷን ልጅ አስገብቻለሁ፤ አንዷን እንኳ የምትገባበት ቤት ምን እንደሚመስል ነግሬ አላውቅም። እኔም አላውቀውማ።

«እኛ ቤት ሳንጠይቅ አንገባም ነበር» አሉ ነጅማ። «ከዚያ ቤት የወጣችውን ልጅ ባቃላው፣ ሱቁ በር ላይ እንጠብቃታለን። የት ነበር የምትተኚ? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ወጡን ትቀምሻለሽ ወይስ የተረፈውን ነው የሚሰጡሽ? ሰውዬው ማታ ኩሽና ይመጣል? ይህን ሰምተን ነው እግራችንን የምናስገባው። እናንተ ዘመናዮቹ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ገብታችሁ፣ ከገባችሁ በኋላ ነው የምታለቅሱት።»

ስንወርድ ሳሊማ ባዶውን ፌስታል አጣጥፋ ደረጃውን ከፊቴ ወረደችው።

ሻዕባን ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንዳለቀ፣ ስልኬ ጮኸ። ኡም ያሲር የምትባል የኦብሑር ማዳም ናት። ማስታወቂያዋን አውቀዋለሁ፣ ወሩን ሙሉ ስትለቀው ነበር፦ ምግብና ጽዳት፣ ትንሽ ቤተሰብ፣ ቀላል ሥራ። ሁለት ልጆች ልኬላት ሁለቱም በሳምንታቸው ወጥተዋል፤ ለምን እንደወጡ ሲጠየቁ «ከበደን» ብቻ ነበር መልሳቸው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሴትዮዋ አሁን ማንም ትምጣ ማን፣ ሰው ነው የምትፈልገው። ሳሊማን አስጠራኋትና መጋረጃው ፊት አስቀመጥኳት። የቪዲዮ ጥሪውን ከፈትኩ።

«ጁሙዓ አልሠራም የምትይው አንቺ ነሽ?» አለች ኡም ያሲር፣ ደክሟት፣ ፀጉሯ እንኳ በደንብ ሳይያዝ።

«እኔ ነኝ። አሰላሙ ዐለይኩም። ልጆችሽ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ቁሚ እስቲ ልይሽ።»

ሳሊማ ቆመች።

«ዙሪ።»

በዚህ ሰዓት፣ ትኬቷ ሊቆረጥ ቀን በቀረው በዚህ ሰዓት፣ ዞር ብትል ምናለ! በእጄ ምልክት ሰጠኋት፣ ለመንኳት።

«እዞራለሁ» አለች ሳሊማ። «መጀመሪያ ግን አንቺ ስልክሽን አዙሪና የምተኛበትን ክፍል አሳዪኝ።»

ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች አንዷ አፏን በሻርፗ ያዘች። ኡም ያሲር ቅንድቧን ሰቅላ እኔን ፈለገች።

«ሀናን፣ ምንድነው የምትለው ይቺ ሴት?»

«ማዓሌሽ፣ ይቅርታ ማዳም፣ አሮጊት ናት፣ አልገባትም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ስንቷን ልጅ ዝም አሰኝቼበታለሁ። ግን የነጅማ ጥያቄ ቀደመው።

«የምተኛበትን አሳዪኝ ነው ያለችሽ፣ ማዳም» አልኩ። «የሚገባት ነገር ነው።»

ስልኩን ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልዘጋችም። የቸገራት ሴት አትዘጋም። በንዴት ብድግ ስትል ስልኩ ጣሪያ አሳየን፣ ደረጃ አሳየን፣ ረጅም ኮሪደር አሳየን። በር ተከፈተና ስልኩ ዞረ።

ሰፊ ክፍል ነው። መሐሉ ላይ በብረት የታጠረ የበሽተኛ አልጋ፤ አልጋው ላይ ነጭ የለበሱ አሮጊት፤ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ አንዲት ቀጭን ፍራሽ።

«ፍራሿ የኔ ናት። እዚያ ላይ የተኙት ማን ናቸው?» አለች ሳሊማ።

«እናቴ ናት። አትከብድም፣ ብዙ አትናገርም።»

«ማስታወቂያሽ ምግብና ጽዳት ነበር የሚለው።»

«እሷን ብጽፍ ማን ይመጣልኛል?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ንገሪኝ እስቲ፣ ማን ይመጣል?»

ስልኩን የያዘ እጄን አየሁት። ዕድሜ ቀንሱ፣ ጁሙዓ ደብቁ እያልኩ የምኖረው እኔ ብቻ መስሎኝ! ለካ ማዳሞቹም በወዲያ በኩል እናታቸውን ይደብቁ ኖሯል። የላክኋቸው ሁለቱ ልጆች ለምን እንደወጡ ያን ጊዜ ገባኝ። እናትየውን ለማንሣት የተማሩት ነገር የለም፤ የነገራቸውም ሰው የለም።

«ስልኩን ወደ እሳቸው አስጠጊልኝ» አለች ሳሊማ። ከዚያ ያ እኔ ቆርጬ የጣልኩት ሰላምታ መጣ፣ ምንም ሳይጎድልበት። እንዴት ነዎት፣ እንዴት ዋሉ፣ ጎንዎት እንዴት ነው፣ አላህ ይማርዎት፣ ልጆችዎትን ያቁምልዎት። አሮጊቷ መጀመሪያ ዐይናቸውን ገለጡ። ቀጥሎ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንድ ባንድ መመለስ ጀመሩ፣ እሷ ስትጠይቅ እሳቸው ሲመልሱ፣ እሳቸው ሲጠይቁ እሷ ስትመልስ። ኡም ያሲር ስልኩን ይዛ ቆማለች፤ እናቷ ይህን ያህል ቃል ሲናገሩ ከሰማች የቆየች መሰለኝ።

«ኡም ያሲር» አለች ሳሊማ ሰላምታው ሲያበቃ። «የመጨረሻዋን ማዳሜን አልጋ ላይ የያዝኳት እኔ ነኝ። እናትሽንም እይዛቸዋለሁ፤ ቀንም ማታም። ፍራሿ ወፍራም ይሁን። ጁሙዓ ግን ከፈጅር እስከ መግሪብ የለሁም።»

«ጁሙዓ ማን ይይዛታል?»

«አንቺ።»

«እኔ አልችልም! ማንሣት አላውቅም። ደግሞ ጁሙዓ ቤተሰብ ይመጣል፤ ሌላ ቀን ውሰጂ።»

«የኔም ቤተሰብ ጁሙዓ ነው የሚጠብቀኝ። ማንሣቱን አሳይሻለሁ፤ አይከብድም።»

«እንቢ ብልሽስ?»

«ሌላ ትፈልጊያለሽ። እኔም ሌላ እፈልጋለሁ።»

ሳሊማ ሌላ እንደሌላት እኔ አውቃለሁ፤ ራሷም ታውቃለች። ፊቷ ግን እንደቆመ ነው።

ያን ጊዜ ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ያለ፣ የቀጠነ።

«ስጫት» አሉ አሮጊቷ። «ጁሙዓ እኔም ልጄን ልያት።»

ኡም ያሲር ስልኩን ወደ ራሷ አላዞረችውም። ያየነው የአልጋውን ብረትና የእናቲቱን እጅ ብቻ ነው። ኋላ በተዘጋ ድምፅ «የኢቃማሽን ቁጥር ላኪልኝ» አለች።

ሳሊማ አሁንም እንደቆመች ናት። «እዞራለሁ ብዬሽ ነበር። ልዙር?»

«ተዪው» አለች ኡም ያሲር። «ኸላስ፣ በቃ ተዪው።»

ዝውውሩ እንዴት እንዳለቀ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሐሚድ ትኬት ሊቆርጥበት በነበረው ስልክ ላይ «ፈቅጃለሁ» የሚለውን በአውራ ጣቱ ነካው፣ ኡም ያሲር በበኩሏ ነካችው፣ አለቀ። ሳሊማ ልብሷን በአንዲት ሻንጣ ይዛ ገባች። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ልጅ ከመዞሯ በፊት ማዳሟ ስልኳን ታዞራለች። ክፍሉን እናያለን፣ በሩን እናያለን፣ ቁልፉን እናያለን። ተሳድበው ከግሩፕ ያባረሩኝ አሉ፤ ያባርሩኝ፣ ግሩፕ ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ገቢዬ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ የቤት ኪራይ ሲደርስ ሳሊማን ከአንጀቴ ረግሜያታለሁ። ግን አልተመለስኩም።

በመጀመሪያው ጁሙዓ ሰበብ ፈልጌ አብሬያት ነካሳ ወጣሁ። ሳሊማ ነጅማን አጥባ ጨርሳ፣ ንጹሕ ልብስ አልብሳ፣ አንሶላውን ልትቀይር በጎናቸው ልታዞራቸው ስትል ስልኳ ጠራ። ኡም ያሲር ናት፣ በቪዲዮ። ላብ በላብ ሆናለች፣ የወርቅ አምባሮቿ ክንዷ ላይ ወዲህ ወዲያ ይላሉ።

«ሳሊማ፣ በአላህ፣ ዛሬ ብቻ ነይልኝ! አንሶላዋ ረጥቧል፣ ላነሣት አልቻልኩም። መኪና ልላክልሽ።»

«ጁሙዓ ነው» አለች ሳሊማ። «አልመጣም።»

«ለዛሬ ብቻ!»

«ያሳየሁሽን ረስተሽው ነው እንጂ ትችያለሽ። ሀናን፣ ስልኩን ያዢልኝ። እታለም፣ ትይሽ?»

«ትየኝ» አሉ ነጅማ። «ምን ያሳፍረኛል።»

ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝሁት። ሳሊማ በሁለት እጇ እህቷን ያዘች። «ተመልከቺኝ፣ ኡም ያሲር። ጉልበታቸውን እጠፊ። አዎ። አንድ እጅ ትከሻ ላይ፣ አንድ እጅ ዳሌ ላይ። አትፍሪ፣ አይሰበሩም። አሁን ቢስሚላህ በይና ወደ ራስሽ ሳቢያቸው።»

«ቢስሚላህ» አለች ኡም ያሲር በስልኩ ውስጥ።

«ቢስሚላህ» አለች ሳሊማ።

ሁለቱ አሮጊቶች እኩል ዞሩ፣ አንዷ ኦብሑር፣ አንዷ ነካሳ። ኡም ያሲር የእናቷን ጀርባ ደግፋ፣ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ግንባሯን የእናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈችና አለቀሰች።

«ማናት የምታለቅሰው?» አሉ ነጅማ።

«ማዳሜ ናት።»

«ምን ሆና?»

«እናቷን አገላብጣ።»

«እሰይ» አሉ ነጅማ። «ቀስ ብላ ትደግፋት በያት፣ ጀርባ ያማል።» ትንሽ አሰቡና ዐይናቸውን ወደ እኔ ጣሉ። «አንቺ ልጅ፣ ያን ስልክ አዙሪውማ። እናትየውን ሰላም ልበላቸው።»

አዞርኩት። ነጅማ ጀመሩ፦ እንዴት ነዎት፣ እንዴት አደሩ፣ ጎንዎት እንዴት ነው፣ ልጆችዎት ደኅና ናቸው። ከኦብሑር ያች የቀጠነች ድምፅ አንድ ባንድ መለሰች። ክንዴ እስኪዝል ይዤላቸው ቆምኩ፣ እስኪጨርሱም አላቋረጥኳቸውም።